ከመድኃኒት ቤት መስኮት እስከ ጣና ዳር፦ ጀርሞች መድኃኒት እንዳይላመዱ ቤተሰብና ቀበሌ የሚሠሩት ሥራ

በፎገራ ሜዳ፣ በደራ፣ በጎርጎራም ሆነ በባሕር ዳር ዙሪያ ቀበሌዎች ሰው፣ ከብትና ዶሮ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው። የሚያስለው ሕፃን፣ ግቷ ያበጠ ላምና ክንፋቸውን የጣሉ ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ቴትራሳይክሊን፣ ፔኒሲሊንና ዘመዶቻቸው የሰውም የእንስሳም መድኃኒቶች ናቸውና። ሰውም ሆነ ከብት ከወሰደው አንቲባዮቲክ (የባክቴሪያ መድኃኒት) ብዙው ሳይለወጥ በሽንትና በፍግ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ግልገል አባይ፣ በመጨረሻም ወደ ጣና ያወርደዋል። ከዚያው ውሃ እንቀዳለን፣ ከብት እናጠጣለን፣ አትክልት እናለማለን።

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን በቀጥታ እንደገደሉ ተገምቷል፤ በተዘዋዋሪ እጃቸው ያለበት ሞት ሲቆጠር ደግሞ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን ብሔራዊ ስትራቴጂዋን እ.ኤ.አ. ለ2021–2025 ስታወጣ የሰውን፣ የእንስሳንና የአካባቢን ጤና በአንድ አስራ ነው። ስትራቴጂው ተገቢ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ይገዛ አይገዛ፣ ይሰጥ አይሰጥ የሚወሰነው በእናት፣ በአላቢና በመድኃኒት ሻጭ እጅ ስለሆነ ይህ መመሪያ ከቢሮ ሳይሆን ከግቢው ይጀምራል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መጥራት አለበት። ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። የሚላመደው ጀርሙ ነው። በአንድ ቁስል ወይም በአንድ አንጀት ውስጥ ካሉት እልፍ ባክቴሪያዎች ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት ተፈጥሮ ሊኖራቸው ይችላል። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል እነዚህ ቦታውን ይወርሳሉ፤ ይባዛሉ። ከዚህም በላይ የመቋቋሚያ ባሕርያቸውን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ማስተላለፍ ይችላሉ። ስለዚህ በሕይወቱ አንድም አንቲባዮቲክ ውጦ የማያውቅ ሕፃን በጥጃ አንጀት ወይም በጎረቤት ሽንት ቤት መድኃኒት በለመደ ጀርም ሊታመም ይችላል። «የወሰድኩት እኔ፣ የምጎዳውም እኔ» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ደረጃ 1፦ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አውጡ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምረጡ። ከቁም ሳጥን፣ ከመስኮት ጫፍ፣ ከበረት ማገር፣ ከአሮጌ ቦርሳ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። የተረፈ አሞክሲሲሊን፣ ግማሽ ሽሮፕ፣ የዓይን ቅባት፣ የወባ ክኒን፣ ለላም የተገዛ መርፌ፣ ስሙ የጠፋ ካፕሱል፤ አንዱም አይቅር። የወባ መድኃኒትም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ይገባል፤ የወባ ተህዋስም መድኃኒት ይላመዳልና።

ከዚያ ለዩ። አሁን በሐኪም ትእዛዝ እየተወሰደ ያለው ለብቻው ከሕፃናት እጅ ርቆ ይቀመጥ። የእንስሳቱ መድኃኒት በሌላ ሣጥን ይግባና በደማቅ ቀለም «የእንስሳት» ተብሎ ይጻፍበት። የቀረው ትርፍ ነው፤ ለሌላ ቀን አይቀመጥም። ሽንት ቤት ውስጥም፣ ቦይ ውስጥም፣ ሐይቅ ዳርም አይጣልም። በአንድ ዕቃ ሰብስባችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ መድኃኒት ቤቱ መልሱና እንዲያስወግዱት ጠይቁ። ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ የመነስነስ ልማድ ካለ ዛሬ ይቁም። ቁስሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ካመረቀዘ ለባለሙያ ይታያል።

የትራኮማ ዘመቻ መድኃኒትን በተመለከተ ከሌላው የተለየ ምክር አለ። አዚትሮማይሲን በአማራ ክልል በዘመቻ የሚታደለው ዓይነ ስውርነትን ለመከላከል ታስቦ ነው፤ በተሰጣችሁ ቀን፣ ሰጪው ፊት ዋጡት። ለሳልና ለጉሮሮ ብሎ ማስቀመጥ ግን ጉዳት አለው። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ በተደረገ ምርምር ተደጋጋሚ እደላ በተካሄደባቸው መንደሮች በሕፃናት አፍንጫ ውስጥ ያሉ የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መቋቋም መጀመራቸው ታይቷል። እደላው ሲቆም ደግሞ መቋቋሙ እየቀነሰ ሄዷል። ይህን ሁለተኛውን ግኝት ደጋግሜ እጠቅሰዋለሁ፤ ጫናው ሲቀንስ ጀርሙ ወደ ኋላ የሚመለስበት ዕድል መኖሩን ከራሳችን አገር ያሳየናልና።

ደረጃ 2፦ ሰው ሲታመም ከመግዛት በፊት ለዩ

አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ብቻ ነው። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመምና አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ግን የሚመጣው በቫይረስ ነው። እነዚህን በአሞክሲሲሊን ማከም ሕመሙን በአንድ ቀን እንኳ አያሳጥርም።

ለተቅማጥ የመጀመሪያው መድኃኒት ኦ.አር.ኤስ ነው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል። ከዚህ ጋር ዚንክ ለ10–14 ቀን ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊግራም። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም። በሰገራው ደም ከታየ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሕፃኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሳል ላይ እስትንፋስ ቁጠሩ። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ጡት ሳይጠባ፣ ሸሚዙ ከደረቱ ተገልጦ ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ኬላ ሂዱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትመረምርበትና የምታክምበት ሥልጠና አላት። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ሲታመም ቁጥር አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ውሰዱት። በማንኛውም ዕድሜ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስታውክ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘና የማይነቃ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ካለ ሌሊትም ቢሆን ጉዞ ይጀመር። አንቲባዮቲክን መቆጠብ ማለት የሚያስፈልገውን ሰው መንፈግ ማለት እንዳይመስላችሁ። መድኃኒቱን የምንጠብቀው ለዚህ ሕፃን ነው።

ትኩሳት ሲሆን በጣና ዙሪያ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ይሁን እንጂ ሳይመረመሩ ኮአርተም መዋጥ አይገባም። የጣት ደም ምርመራው ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል።

ደረጃ 3፦ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ

አንቲባዮቲክ በአገራችን ሕግ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። መስኮቱ ላይ ደርሳችሁ «የጉሮሮ መድኃኒት ስጠኝ» አትበሉ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ያለ ወረቀት አልሸጥም ካለ አትቆጡት፤ አመስግኑት። ወረቀት ይዛችሁም ቢሆን አንዳንድ ነገር መጠየቅ መብታችሁ ነው፦ ይህ አንቲባዮቲክ ነው? ለምን ያህል ቀን? በየስንት ሰዓቱ? ከምግብ ጋር ወይስ ያለ ምግብ? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ? መልሱን በካርቶኑ ላይ ያጽፉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን መድኃኒቶች በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ለተለመዱ ሕመሞች በቅድሚያ የሚታዘዘው ነው፤ አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና ኮትሪሞክሳዞል በዚህ ይገኛሉ። ሁለተኛው በጥንቃቄ የሚሰጠው ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲንና በየሆስፒታሉ የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን። ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወጣ መጠባበቂያ ነው። አገሮች እ.ኤ.አ. በ2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በገቡት ቃል መሠረት እስከ 2030 በዓለም ላይ ለሰው ከሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ይፈለጋል። ለእኛ ይህ ማለት «ጠንከር ያለውን ስጠኝ» የሚለውን ልመና መተው ነው። «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚለውንም ጭምር፤ በአፍ መዋጥ ለሚችል ሰው ክኒኑ በቂ ከሆነ መርፌው የሚጨምረው ወጪና ሥቃይ ነው።

መድኃኒቱ ቤት ሲደርስ የሰዓት ጉዳይ አለ። በእኛ አካባቢ ይህን የሚያዛባው ብዙ ጊዜ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን ይዘልላል፤ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን በአንድ ላይ ይውጣል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ በመሐል ባለው ሰዓት የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ይወርድና ጀርሙ ፋታ ያገኛል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ጾምን ታቀልላለች፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሐኪሙንም ስለ ጾማችሁ ንገሩት፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ አማራጭ ሊኖር ይችላል። ጠበል የሚጠመቅ ወይም የሚጠጣ ሕመምተኛም ክኒኑን አያቋርጥ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ደግሞም ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ጋር ሲወሰዱ ካልሲየሙ ይይዛቸውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። በውሃ ዋጡ።

የታዘዘውን ቀን አታሳጥሩ፤ ከራሳችሁ አታርዝሙም። ለጎረቤት አታካፍሉ። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ለውጥ ካልታየ ሌላ መድኃኒት ከመግዛት ወደ መረመራችሁ ሐኪም ተመለሱ። ሕመሙ የከበደ ወይም የተመላለሰ ከሆነ፣ በተለይ የሽንት ቧንቧ ሕመምና የማይድን ቁስል፣ እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ስለ ካልቸር ምርመራ ጠይቁ። ባክቴሪያው ይበቅልና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይሞከራል፤ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ናሙናው የሚሻለው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከመወሰዱ በፊት ቢሰጥ ነው። ቀድሞ የተዋጠ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያደክምና ምርመራውን ያሳስታል።

ደረጃ 4፦ በረትና ጉረኖ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ መድኃኒት ያለ ባለሙያ የሚወጋው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ አንቲባዮቲክ የማይነካቸውን ሕመሞች እወቁ። የዶሮ ፈንግል በቫይረስ ይመጣል። የከብት አፍተግር ወይም ማዝ፣ የቆዳ ጉርብርብ በሽታ፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታም እንዲሁ። ለእነዚህ ቴትራሳይክሊን መውጋት ወይም የሰው ካፕሱል በዶሮ ውሃ መበጥበጥ በሽታውን አያስቆምም፤ በእንስሳው አንጀት ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒት ያስለምዳል። ቫይረሱን ተከትሎ የባክቴሪያ ሕመም ሊደረብ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ ይፈለግ እንደሆነ የሚወስነው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ገንዲ ደግሞ በሌላ ዓይነት ተህዋስ የሚመጣ ስለሆነ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ያም መድኃኒት በዘፈቀደ ሲወጋ ይላመዳል። ከብቱ ከሳ፣ ፀጉሩ ቆመ ተብሎ አንዱን ሞክሮ፣ ካልሆነ ሌላውን መሞከር ገንዘብም ከብትም ያስጨርሳል።

ለእነዚህ ቫይረሶች መልሱ ክትባት ነው። ደስታ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በክፉ ቀን የአገሩን ከብት ጨርሶ ሕዝቡን ለረኃብ የዳረገ በሽታ ነበር። ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወጀው በክትባትና በክትትል ነው። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ በየቀበሌው ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ክትባቱ የሚሰጠው ላልታመሙ ዶሮዎች ነው፤ በየጥቂት ወሩም ይደገማል። በረዶ ባለበት ዕቃ ይጓጓዝ፤ ከተበጠበጠ በኋላ አይደር። የአንድ ቤት ዶሮ ብቻውን ቢከተብ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የመንደሩ ዶሮ በአንድ ቀን ይከተብ። ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆይ።

የላም ጡት በሽታ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ ለመከላከል ግን ከመርፌው ይልቅ እጅና ጨርቅ ይበልጣሉ። ከማለባችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የእያንዳንዷን ላም ጡት ለየብቻው በተዘጋጀ ንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በጥቁር ጨርቅ ላይ አልባችሁ እዩ፤ የረጋ፣ ውሃማ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ ሕመም አለ። ጤነኛዋ አስቀድማ፣ የታመመችው በመጨረሻ ትታለብ። ከታለበች በኋላ ወዲያው እንዳትተኛ መኖ ስጧት፤ የጡቷ ቀዳዳ እስኪዘጋ ድረስ በጭቃ ላይ ባትተኛ ይሻላታል። የበረቱ ወለል ደረቅ ይሁን፤ ጭዱ ይቀየር። ይህን ለአንድ ወር የሠራ ቤት ከመርፌ ወጪው ብዙ እንደሚተርፈው አምናለሁ።

መርፌ ሲያስፈልግ መጠኑ በክብደት ይሰላል። በዓይን ግምት የሚወጋ ብዙ ጊዜ አሳንሶ ይወጋል፤ ያነሰ መጠን ደግሞ ጀርሙን ሳይገድል ያሠለጥነዋል። የክብደት ሚዛን ከሌለ የሜትር ገመድ ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሩና በሴንቲ ሜትር ለኩ። ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ10,840 አካፍሉ። ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 130 የሆነ በሬ 270 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩን ለባለሙያው ስጡት፤ መጠኑንና የሚወጋበትን ቀን እርሱ ይወስን። በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የመታው ብልቃጥ አትግዙ፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል። የተበላሸ መድኃኒት ሙሉ መጠን ቢወጋም እንዳነሰ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ ያለው የብዙ ሰው ዓይን የማያየው ክፍል ነው። የታከመች ላም ወተትና ሥጋ ለተወሰነ ቀን አይበላም፤ ይህ የመታቀቢያ ጊዜ በብልቃጡ ላይ ይጻፋል። እንደ መድኃኒቱና እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በልማድ አትገምቱ፤ አንብቡ ወይም አስነብቡ። ወተቱን ማፍላት አብዛኛውን የአንቲባዮቲክ ቅሪት አያጠፋም። የቅሪቱን መኖር አንዳንዴ ወተቱ ራሱ ይናገራል፤ እርጎ አልረጋ ሲል፣ እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በቅሪቱ ተገድለው ሊሆን ይችላል። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ቢችልም ላሚቱ በቅርቡ ተወግታ ከሆነ ምክንያቱን ከሩቅ አትፈልጉ። ይህን ወተት ለጥጃም አትስጡ፤ የጥጃው አንጀት የለመዱ ጀርሞች መፈልፈያ ይሆናል። ከውሃ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋ። የታከሙ ዶሮዎች እንቁላልም የመታቀቢያ ጊዜ አለው።

ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ያዙ። የእንስሳው ስም ወይም ቀለም፣ ሕመሙ፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ የተወጋበት ቀን፣ ማን እንደወጋ፣ ወተቱ የሚፈቀድበት ቀን። ማንበብ የሚችል ልጅ በየቤቱ አለና ይጻፍ። ላሚቱ ቀንድ ላይ ቀይ ክር ታስሮ መታቀቢያው ሲያልቅ ቢፈታ አላቢው ማንም ይሁን ማን አይሳሳትም።

በእንስሳት ላይ የሚደረግ ቁጥብነት ለሰው እንደሚደርስ ማረጋገጫ አለን። ኮሊስቲን የተባለውን የመጨረሻ መጠባበቂያ መድኃኒት የሚያስለምድ ተላላፊ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና በአሳማዎችና በሰዎች ባክቴሪያ ላይ መገኘቱ ተገለጸ። አገሪቱ በ2017 መድኃኒቱ ለእንስሳት ማድለቢያ እንዳይውል ከለከለች። በተከታዮቹ ዓመታት ይህ ባሕርይ በአሳማውም በሰውም ቀነሰ። በመኖ ውስጥ ተደባልቆ «ቶሎ ያደልባል» ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱና አትግዙ።

ደረጃ 5፦ ፍግ፣ ሽንት ቤትና ውሃ

ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሆኖም በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሚጠልቅ ሐይቅ ነው። ውሃው ሰፊ ስለሆነ በዳርቻው የሚገባው ነገር ሁሉ ሟሙቶ የሚጠፋ ይመስለናል፤ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። እምቦጩ በዙሪያው የተስፋፋው ከማሳና ከከተማ የሚወርደው ንጥረ ነገር ስለመገበው ነው፤ ያንኑ መንገድ ጀርሙና የመድኃኒት ቅሪቱም ይከተሉታል።

ፍግን በጥሬው ማሳ ላይ አትበትኑ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ አድርጋችሁ ከጭድ ጋር በየንብርብሩ ክመሩት። እርጥበቱ ስትጨብጡት እጅ የሚያረጥብ ሆኖ የማይንጠባጠብ ይሁን። መሐሉ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ለሁለት ሳምንት እንዲቆይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል ከውጭ ያለውን ወደ ውስጥ አገላብጡ። ቴርሞሜትር ከሌለ የብረት ዘንግ ሰክታችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውጡት፤ በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። ሙቀቱ በሽታ አምጪዎቹን ይገድላል፣ ብዙውን የቴትራሳይክሊን ቅሪት ይሰብራል። ሁሉንም ግን አያጠፋም፤ ስለዚህ ክምሩ ከጉድጓድ ውሃና ከሐይቁ ዳር ይራቅ፣ ሦስት ወር ያህል ይብሰል። አዝመራው ተወቅቶ ጭድ በሚገኝበት በጥር ከተጀመረ በግንቦት ወደ ማሳ ይገባል። ከተበተነ በኋላ ወዲያው በአፈር ይገልበጥ፤ የሐምሌ ጎርፍ ላዩ ላይ እንዳያገኘው።

ሽንት ቤት ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በዳገቱ የታች ወገን ይሁን። በባሕር ዳር የፍሳሽ ማጠራቀሚያችሁን መኪና ሲያስመጥጥ የት እንደሚደፋው ጠይቁ፤ ለዚሁ ከተዘጋጀው ቦታ ውጭ ከሆነ አታስጭኑት። ባዶ ብልቃጥና መርፌ ሐይቅ ዳር አይታጠብም፣ አይጣልም። ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት አንድ ልመና አለኝ፦ ታንኳና ጀልባ በሚቆምበት ቦታ ሽንት ቤትና እጅ መታጠቢያ ይሠራ። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው የሚበለተው በዚያው ነውና የመበለቻው ሰሌዳ በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ሆድ ዕቃው ወደ ውሃው አይመለስ።

የመጠጥ ውሃ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ከሆነ ይፍላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ክሎሪን ይታከም። ተቅማጥ ያልያዘው ሕፃን አንቲባዮቲክ አይለመንለትም።

ደረጃ 6፦ ቀበሌው በአንድ ጠረጴዛ

ይህን አንድ ቤት ብቻውን ቢሠራው ጥሩ ነው፤ ጎረቤቱ ካልሠራው ግን ጀርሙ አጥር አያውቅም። አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አልመክርም፤ እድሩ አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አለ። በእድር ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው፣ በቀበሌው ያለ የመድኃኒት ሻጭና አንድ የሃይማኖት አባት አብረው ይቀመጡ። ብዙ ጊዜ የሰው ጤና ባለሙያዋና የእንስሳቱ ባለሙያ በአንድ መንደር እየሠሩ ስለ አንድ ቤት ተነጋግረው አያውቁም። ልጁ በተደጋጋሚ ተቅማጥ የያዘው ቤትና ጥጃው የተቀማጠለበት ቤት አንድ ሊሆን ይችላል።

በስብሰባው የሚወሰን ነገር ጥቂት ይሁን። የዶሮ ክትባት ቀን። ኦ.አር.ኤስና ዚንክ በጤና ኬላው መኖሩን በየወሩ የሚያይ ሰው። ያለ ፈቃድ በገበያ የሚሸጠው መድኃኒት ለሚመለከተው አካል የሚነገርበት መንገድ። የወተት ማኅበሩን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለኝ፦ «ላሜ ተወግታለች፣ ዛሬ ወተት አላመጣሁም» ያለ አባል መቀጣት የለበትም፤ ይልቁንም ማኅበሩ ለእነዚያ ቀናት ትንሽ ማካካሻ ቢያስብለት መልካም ነው። በእውነተኛነቱ የሚከስር ገበሬ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ የተደበቀው ወተት ደግሞ በሁሉም ጣሳ ይቀላቀላል።

ቀኑንም ከልማዳችን ጋር ማገናኘት ይቻላል። ዓለም አቀፉ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች የግንዛቤ ሳምንት በየዓመቱ ከኖቬምበር 18 እስከ 24 ይከበራል። የኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12፣ በዚሁ ሳምንት ውስጥ ይውላል፤ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ቀን ነው። በዚያ እሳት ውስጥ አሮጌ መድኃኒት፣ ብልቃጥና ፕላስቲክ አይጨመር። ከሁለት ቀን በፊት እድሩ አንድ ካርቶን ያዘጋጅ፤ ከየቤቱ የተረፈ መድኃኒት የሰውም የእንስሳም ይሰብሰብበት። ወደ ጤና ጣቢያው ከመሄዱ በፊት ሁለት ሰዎች ጓንት አድርገው ይቁጠሩት፤ የትኛው መድኃኒት በብዛት እንደተረፈ፣ ስንቱ ያለ ትእዛዝ እንደተገዛ፣ ስንቱ ጊዜው እንዳለፈ ይመዝገብ። ዝርዝሩን ለጤና ጣቢያው፣ ለእንስሳት ክሊኒኩና ለመድኃኒት ሻጩ እኩል ስጧቸው። በብዛት የተረፈው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ የሚቀጥለው ዓመት የእድር ሃያ ደቂቃ በእርሱ ላይ ይዋል።